የመሪ ያዡ ድንጋይ

በጽኑ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት፣ የይቅርታ ክፍል ውስጥ አራት ድንጋዮች አሉ። ሆዳቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይቆጠራሉ። አንደኛውና ሁለተኛው ለወጣት መሪ ያዦች ናቸው። ሦስተኛው ለሴቶች ነው። አራተኛው፣ ጠፍጣፋውና ጠርዙ በሞረድ የለዘበው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ላለፈ ተብሎ የተመደበ ነው። ያፌት ወልደሰንበት ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና አራተኛውን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተሸክሞታል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊሸከመው ሐሙስ ጠዋት ተጠራ።

ሥራው መሪ መያዝ ነው። መንዳት ሌላ ነገር ነው፤ መንዳት የአውቶቡሱ ሥራ ነው። አውቶቡሱ የፊት ጎማዎቹን ያዞራል፣ የኋላዎቹንም ያዞራል። በዝግታ ሲሄድ የኋላዎቹን ከፊቶቹ በተቃራኒ ያዞራቸዋል፤ ሲፈጥን ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን። በዚህ የተነሳ ሃያ ሜትር የሚረዝመው ሰውነቱ የጣርማ በርን ጥምዝ እንደ ባጃጅ ይጠመዘዝበታል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ደግሞ አፍንጫውን ሳያዞር እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይንሸራተታል። በመሪውና በጎማው መካከል ብረት የሚባል ነገር የለም። መሪው ሲዞር ወሬው በሽቦ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ ወሬውን ይሰማል፣ ያመዛዝናል፣ ከዚያ የራሱን ያደርጋል። በደንቡ ቋንቋ ይህ «የእጅ አስተያየት» ይባላል። ያፌት በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ብዙ አስተያየት ሰጥቷል። ተቀባይነት ያገኘ አንድም አያስታውስም።

ታዲያ እጅ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ተቀጣሪ አይጠፋም። መልሱ በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ይነገረዋል። መሪ ያዥ የሚባል ሥራ ሳይኖር በፊት አንድ አውቶቡስ በአንድ የገጠር ከተማ አንድ አዛውንት ገደለ። ቤተሰባቸው ማን እንደገደላቸው ጠየቀ። ድርጅቱ አንድ ኢንጂነር ከአርባ ገጽ ሪፖርት ጋር ላከ። ኢንጂነሩ በሰላም ተመለሰ፤ አውቶቡሱ ግን በማግስቱ ነደደ፣ በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ተከተሉት። ካሳው በወቅቱ ተከፍሎ ነበር። ችግሩ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ገዳይ ይቅረብ» ሲል የሚቀርብ መጥፋቱ ነው። ካሳ በባንክ ይገባል፤ ይቅርታ ግን አንገት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በሕግ፣ መሪ ያለ እጅ አይንቀሳቀስም። ሰው ሲሞት የእጁ ባለቤት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ የሟች ወገን ድንጋዩን ያወርድለታል፣ ወረቀት ይፈረማል፣ ዓቃቤ ሕግ መዝገቡን ይዘጋል። ካልተፈረመ መሪ ያዡ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይታሰራል። ሳይፈረም የቀረበት ቀን ግን በድርጅቱ ታሪክ የለም። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ስለተቀመጠ ብሎ የሚያሳስር ማን አለ?

ያፌት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ድንጋዩን ያለ ብዙ ጭንቀት ነው የተሸከመው። አንዱ ሞጆ ላይ ነበር፣ የአንድ ዘበኛ ለቅሶ። ሌላው አጣዬ፣ የአንዲት ባልቴት። ሁለቱም ቦታ የሟች ወገኖች ሲንበረከክ ክንዱን ይዘው ደግፈውታል። አጣዬ ላይ የባልቴቷ ልጅ «አንተ ምን አደረግክ ጋሼ፣ አንተንም አስቀምጠውህ ነው» ብሎ ምሳ አቅርቦለት፣ ከበላ በኋላ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶታል። ያፌት ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ደም እንደለገሰ ሰው ቀለል ብሎት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሦስተኛው የሆነው እሑድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብረ ሲና ነው።

የደብረ ሲና ፌርማታ ተራራው ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ በቀኝ በኩል የድጋፍ ግንብ ቆሟል፣ በግራ አስፋልቱ ያልፋል። በግንቡ ሥር መሬቱ ላይ እንደየትኛውም ፌርማታ ቢጫ ቅስት ተቀብቷል። አውቶቡስ ሲነሳ ጅራቱ የሚጠርገው ቦታ ያ ነው። ከተሜው ይህን ከጡት ጋር ጠብቶታል፤ ሕፃናት «አፉ ወደ ግራ፣ ጅራቱ ወደ ቀኝ» እያሉ ገመድ ይዘላሉ። ያን ሰሞን ግን ዝናብ ከተራራው አፈር አውርዶ ቅስቱን ሸፍኖት ነበር።

ያፌት ሁለት ሰው አወረደ፣ አንድ ሰው አሳፈረ፣ በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ግን አልነሳም። ማንንም አልገረመውም። የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች አውቶቡሱን ከሠሪዎቹ በላይ ያውቁታል። ሰው አጠገቡ ካለ እንደማይንቀሳቀስ ስለሚያውቁ፣ ገበያቸው እስኪያልቅ በግራ በኩል አፍንጫው ሥር ተኮልኩለው ይቆሙበታል። አምስት ደቂቃ አለፈ። ስምንት አለፈ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ አንዱ፣ መሪው የሚዞር ነው ወይስ ለጌጥ ነው የተሰቀለው ሲል ጠየቀ። ሌላው፣ ሰውየው ራሱ ለጌጥ ነው አለው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ያጣፉ ሴትዮ በመጨረሻ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ሹፌር፣ እስቲ ነካ አርገው» አሉት። «ባይሰማህም እኛን ደስ ይለናል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ያፌትም ሳቀ። መሪ ማጫወት በመሪ ያዦች ዘንድ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ያደርጉታል፣ ለሽማግሌ ተሳፋሪ በተለይ። ሰው የሚያዞር ሰው ሲያይ ይረጋጋል። ደግሞ ያፌት ማጫወት ያውቅበታል። አባቱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ በእውነት ይነዱ ነበር፣ ጎማውና እጃቸው በብረት ተያይዞ። ገና በአሥር ዓመቱ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ስትነሳ ግራ ስፖኪዮህን እያየህ እስከ ጥግ ቁረጠው፤ ሞት የሚመጣው ከግራ ነው» ብለው አስተምረውታል። እውነታቸውን ነበር፤ በሳቸው ዘመን የአውቶቡስ ጅራት አፉን ይከተል ነበርና።

ያፌት ግራ ስፖኪዮውን አየ። አስፋልቱ ባዶ ነው። መሪውን እስከ ጥግ ቆረጠው።

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። ከዚህ በፊት በርታ አያውቅም፤ የበር መብራት መሰለችው። የፊት ጎማዎቹ ወደ ሻጮቹ ዞሩ፤ ሻጮቹም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውቶቡስ ሸሹ። አውቶቡሱ ተነሳ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ሴትዮዋ «አየህ፣ ሰው አይንቅም» አሉት። ከዚያ መሪው እጁ ውስጥ ጠጠረና አልንቀሳቀስ አለ። ከኋላ ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ወይም በጭብጨባው ተውጧል።

ሥርጉት አቤኔዘር ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በኋላ በር ወርዳ፣ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ብላ የካርቶኗን ሲባጎ እያጠበቀች ነበር። ካርቶኑ አልተነካም።

ሐሙስ ጠዋት የይቅርታ ክፍል ኃላፊዋ አስካለች በድርጅቱ መኪና መጣችለት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ጨዋ፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ አስካለች፣ ሥርጉት፣ ደስታ የልጆች ስም ነበር፤ ያፌትና አቤኔዘርና ኪሩቤል የሽማግሌ። መሐል ወንበር ላይ ጋሽ ኪሩቤል ተቀምጠዋል፤ ከድርጅቱ ጋር ሃያ ስድስት ዕርቅ የፈጸሙ የሽማግሌ ሰብሳቢ ናቸው። ድንጋዩ ከኋላ ለብቻው አንድ ወንበር ይዞ በቀበቶ ታስሯል። ካልታሰረ መኪናው አይነሳም።

ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። በመመሪያው መሠረት ዕርቅ የሚጠየቀው በሰልስት ማግስት ነው። ቀድሞ ከሆነ ለቅሶው ትኩስ ነው፣ ከዘገየ ዘመድ ይበተናል፣ ፈራሚ ይጠፋል። አስካለች ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ እንደገና አስረዳችው። የሚናገራቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችም እንዳይረሳ አስደገመችው፤ በሕግ ባለሙያ የተዘጋጁ ናቸው። ጡረታው ስምንት ወር እንደቀረው አይታለች፤ ዛሬ ከተፈረመ ዓቃቤ ሕግ ሰኞ ይዘጋዋል፣ ከዚህ በኋላም አጭር መስመር ላይ እንዲመደብ እሷ ራሷ ትጠይቅለታለች። ከዚያ የሚፈርምበትን ቅጽ ሰጠችው።

ያፌት ቅጹን ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ ፈርሞበታል። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከታች «የመዞሩ ምንጭ» የሚል መስመር። ሁለቱንም ጊዜ እዚያ መስመር ላይ «ሥርዓት» የሚል ተጽፎ ነበር። አሁን «እጅ» ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አላት።

«የቱ ጋሼ?»

በጣቱ አሳያት። አስካለች አየችው፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ መልሳ ቅጹን አየች። መዋሸት የምትችል ልጅ አልነበረችም፤ ለዚያ ሥራ የመረጧትም ለዚሁ ነበር። አውቶቡሱ ያን ቀን የቆመው በሻጮቹ ምክንያት እንዳልሆነ ነገረችው። የኋላ ዓይኑን ጭቃ መትቶት ጅራቱን ማየት አቅቶት ነበር። ከጥቅምት ወዲህ፣ ሥርዓቱ አሥር ደቂቃ ሙሉ መወሰን ካቃተው፣ ሰውየው ዞሮ አይቷል ብሎ እጅን እንዲያምን ተደርጓል። ተሳፋሪዎች መቆሙን ስላማረሩ የመጣ ማሻሻያ ነው። ማስታወቂያው በመሪ ያዦች መታጠቢያ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል።

ያፌት ማስታወቂያውን አስታወሰው። አሥራ ስድስት ገጽ ነበር። አንድ ሰው የመጨረሻዎቹን ገጾች ለሌላ ጉዳይ ተጠቅሞባቸዋል።

«እና እኔ ነኝ» አለ።

«በሕግ ሁልጊዜም እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«በሕግ አይደለም የምልሽ።»

«ለውጥ የለውም» አለች አስካለች፣ እንደማጽናናት። «ዕርቁ ያው ነው። ቤተሰቡ ምንጩን አይጠይቅም፤ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። እርስዎም እዚያ ባያነሱት ነው የሚሻለው።» ጋሽ ኪሩቤል ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ እግዜር የሚያውቀውን ለሰው መንገር ትርፍ ነው ብለው ተስማሙ። መኪናው የጣርማ በርን ጥምዝ ወረደ፣ ሳይናወጥ፣ ጅራቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ። ያፌት ፈረመ። እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየ። ሃያ ሁለት ዓመት የተከፈለው ለዚህ እጅ ነበር። ሲይዝ እንጂ ሲሠራ አይቶት አያውቅም።

ድንኳኑ ከቤቱ በር ላይ ተተክሎ ነበር። አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። የሟች አባት አቤኔዘር የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ አራት ቀን ያልተላጩ። የሟች እናት ኬብሮን ከቤት አልወጡም። ጎረቤቶች ለአስካለች በጆሮዋ፣ ዕርቅ የሚጠይቀው ሰው መጥቷል ብንላቸው «የትኛው ሰው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ አሏት። አስካለች ችግር የለም አለች፤ በመመሪያው የአንድ ወላጅ ፊርማ በቂ ነው።

ጋሽ ኪሩቤል ተነስተው ተናገሩ። ጥሩ ተናገሩ፤ ሃያ ሰባተኛቸው ነው። ሞት ለማንም እንደማይቀር፣ ደም በደም እንደማይታጠብ፣ ይቅርታ ከሟች ነፍስ ጋር እንደሚሄድ ስንቅ መሆኑን ተናገሩ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያፌት ድንጋዩን በአንገቱ ተሸክሞ ከድንኳኑ አፍ እስከ አቤኔዘር እግር ድረስ ሄደ። አሥራ አንድ ኪሎ ነው። ሁለቱን ጊዜ ያልከበደው ድንጋይ አሁን መንገዱ መሐል ላይ አቆመው፤ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሄደ። ተንበረከከ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናገረ።

«በእጄ ላይ ሞት ደርሷል። አምላክ ያየው ነው። ስለ እርሱ ብላችሁ ይቅር በሉኝ።»

የሕግ ባለሙያው በደንብ ነው ያዘጋጃቸው። በሦስቱም ውስጥ የገደለ ሰው የለም።

አቤኔዘር ተነሱ። እንደሚጠበቀው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከአንገቱ አነሱለት። «ተነስ ወንድሜ» አሉት፣ ድምፃቸው ደረቅ ነው። «አንተ ምን አደረግክ። አንተንም እዚያ ያስቀመጠህ እንጀራ ነው።» ከድንኳኑ ውስጥ «እሰየው፣ እሰየው» የሚል ድምፅ ተሰማ። አስካለች ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አወጣች። ሁሉም ነገር ዘጠኝ ደቂቃ ነው የፈጀው።

ያፌት አልተነሳም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ፣ አዎ፣ ተባለ እኮ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ ብብቱን ይዘው ሊያነሱት እየሞከሩ። «ተነስ፣ አልቋል።»

«አልተባለም። እኔ ነኝ ያዞርኩት። መኪናው አይደለም። ቆሞ ነበር፤ ጅራቱን ስላላየ ቆሞ ነበር። እኔ ግራ ግራውን እያየሁ አዞርኩት። ዞሬ ቢሆን ኖሮ ልጅቷን አያት ነበር።»

አስካለች ፈጠን ብላ፣ ጋሽ ያፌት በጣም ስላዘኑ ነው፣ በድርጅቱ አሠራር የእጅ ምንጭም ቢሆን እንደ ሥርዓት ይቆጠራል ብላ ለሕዝቡ አስረዳች። ማንም አልሰማትም። ጋሽ ኪሩቤል ወደ ያፌት ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ የለም» አሉት። እውነታቸውን ነው። በሃያ ስድስቱ ዕርቅ ሁሉ እውነተኛ ገዳይ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ሲገጥም ምን እንደሚባል የሚያውቁት አባታቸው ነበሩ፣ እሳቸውም ሞተዋል።

አቤኔዘር ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አቅፈው እንደቆሙ ነበር። የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስላሉ። አስካለች ወረቀቱን በዘረጋችበት እጇ ላይ አስታቀፏት፤ ወረቀቱ ከሥር ተጨማደደ።

«አራት ቀን ሙሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ማንም አልገደላትም አለኝ። የድርጅቱ ሰው ማንም አለ። ፖሊሱ ማንም አለ። ቄሱም ማንም አሉ። ማንም ያልገደላትን ልጅ እንዴት ብዬ ልቅበራት? ቀበርኳት፤ ግን እንዴት ብዬ?»



«ይቅር አልልህም» አሉት።

«እሺ» አለ ያፌት።

አስካለች ድንጋዩን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ ይህ ማለት ያለመፈረም ማለት መሆኑን፣ ያለመፈረም ደግሞ ከሦስት እስከ ሰባት መሆኑን፣ ጋሼ ሊያስቡበት እንደሚገባ ተናገረች። ቅጹ ላይ «ታርቀዋል» ከሚለው ሌላ የሚመረጥ ሳጥን አልነበረም። ጋሽ ኪሩቤል ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አቤኔዘር ከያፌት ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ እንደ እኩያ፣ ጉልበት ለጉልበት።

«በምን ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል።»

«ምን ይዛ ነበር?»

«ካርቶን። ሲባጎ እያሰረች። ኋላ ነው ያየሁት።»

«ጮኸች?»

ያፌት ጭብጨባውን አሰበ።

«አልሰማሁም» አለ። «ሰው እያጨበጨበ ነበር። ለእኔ ነው ያጨበጨቡት።»

አቤኔዘር ለረጅም ጊዜ አዩት፤ መልኩን እንደሚያጠና ሰው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ እጆቹ ወርደው። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ቤቱ ተጣሩ።

«ኬብሮን» አሉ። «ነይ ውጪ። ሰውየው መጥቷል።»